አሮጌ ቡልዶዘር የሚገጥመውን መለዋወጫ ዕቃ እንዴት ያገኛል?

ስለ እናት ፍቅር፣ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ውበት በሚጻፍበት መጽሔት ላይ ስለ ቡልዶዘር ብረታ ብረት ላወራ ስነሣ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁ አይቀርም። ነገር ግን ከመካከላችን ወደ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው፤ ከወላጆቻችንም ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የጭነት መኪና ያላቸው አይጠፉም። የአንድ አሮጌ መኪና ዕቃ ሲሰበር በልኩ የሚገጥመውን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ዕውቀት መሆኑን የተረዳሁት በአጎቴ ዘንድ ነው። በዚያ ያየሁትንና የጠየቅሁትን፣ ከመጻሕፍትም ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

አጎቴ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ዲ7 የሚባል ካተርፒላር ቡልዶዘር በጨረታ ገዝቷል። መኪናው ከአጎቴ በዕድሜ ይበልጣል። ሥራቸው በገጠር የውሃ ማቆሪያ ኩሬ መቆፈርና የጥርጊያ መንገድ ማውጣት ነው። ይህ ደግሞ የበጋ ሥራ ነው፤ ሰኔ ከገባ በኋላ የጥቁር አፈር አገር ጭቃ ይሆንና ሰንሰለት ያለው መኪና እንኳ ሳይቀር ይሰምጥበታል። ስለዚህ በየካቲት የተሰበረ ዕቃ እስከ ግንቦት ካልተገኘ የዓመቱ ገቢ ጠፋ ማለት ነው። ኩሬ ይቆፈርልናል ብለው ገንዘብ ያዋጡት ገበሬዎችም የክረምቱ ውሃ በደጃቸው ሲያልፍ ቆመው ያያሉ። ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር በቀኝ በኩል ያለው ፋይናል ድራይቭ መጮኽ ጀመረ። ይህ ክፍል ከሞተሩ በካምቢዮ በኩል የመጣውን ኀይል ተቀብሎ ሰንሰለቱን ለሚያዞረው ባለጥርስ መዘውር የሚያስረክበው ነው። ሲፈታም አንዱ ኩሽኔታ ተበልቶ፣ ዘይት የሚይዘው ኦይል ሲልም ተቀዶ ተገኘ።

እዚህ ላይ የአሜሪካ መኪና በመንገድ ሥራችን እንዴት ሥር እንደ ሰደደ ጥቂት ልናገር፤ ለዕቃ ፍለጋው ይጠቅማልና። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱንም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያደራጁት ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ መሐንዲሶች ናቸው። ከእነርሱ ጋር የአሜሪካ አሠራርና የኢንች ልክ ገባ። ዛሬ በሜትር ተምረን በሜትር የምንለካ ተማሪዎች፣ ከአሮጌ ካተርፒላር ፊት ስንቆም ግን ኢንች ማወቅ ግድ ይሆንብናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው መለዋወጫ ሊገዛ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ «የዲ7 ኩሽኔታ ስጠኝ» ይላል። ይህ አነጋገር «የአቶ ከበደን ልጅ ጥራልኝ» እንደ ማለት ነው፤ አቶ ከበደ ሰባት ልጆች ሊኖሩት ይችላሉ። ዲ7 የሚለው ስም ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ኖሯል፤ በስሙ ሥር ያለው መኪና ግን ብዙ ጊዜ ተለውጧል። እውነተኛው መታወቂያ በመኪናው ተከታታይ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለው አኃዝና ፊደል ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1940 እስከ 1944 የተሠሩት ብዙዎቹ ዲ7ዎች ቁጥራቸው በ7ኤም ይጀምራል፤ ከ1944 እስከ 1955 የተሠሩት በ3ቲ ይጀምራል፤ ከ1955 ወዲህ 17ኤ መጣ። (ከዚህ በታች ስለ ፋብሪካ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአጎቴ መኪና 3ቲ ነው።

ነገሩ በሌሎቹ ላይ ይብሳል። ዲ6 በሚባለው መኪና ከ1947 እስከ 1959 ሁለት ዓይነት አብረው ይሠሩ ነበር፤ 8ዩ የሚባለው ከአንዱ ሰንሰለት መካከል እስከ ሌላው መካከል 60 ኢንች ሲሆን፣ 9ዩ የሚባለው 74 ኢንች ነው። ልዩነቱ 35 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ይሆናል። ሞተራቸው አንድ ነው፤ ከጎን ወደ ጎን የሚዘረጋው ብረት ሁሉ ግን የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ዲ4ም እንዲሁ 6ዩ ባለ 44 ኢንች፣ 7ዩ ባለ 60 ኢንች ነበረው። ፊደሏን ሳያውቅ ገበያ የሚወጣ ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል።

ቁጥሩ የሚገኘው በመኪናው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ሲሆን፣ በብረቱም ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ሁለቱንም ማየት ይገባል፤ ሰሌዳ ይነቀላልና፣ ከሌላ መኪናም ተነቅሎ ሊለጠፍ ይችላልና። ሞተሩም የራሱ ቁጥር አለው። ሰባ ዓመት በሠራ መኪና ላይ ሞተሩ የሌላ፣ ካምቢዮው የሌላ ሆኖ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። ባለብዙ ባለቤት መኪና እንደ ተጣፈ ቡትቶ ነው፤ እያንዳንዱ ጥፍ ከየት እንደ መጣ ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል። አጎቴ ይህን ሥራ ለኔ ነበር የሰጠኝ፤ ዝገቱን በናፍጣና በብሩሽ እያጠበ «ጻፊ» ይለኛል፤ እኔም በጠመኔ እየቀባሁ የሚነበበውን እመዘግባለሁ። በደበዘዘ ቁጥር ላይ ጠመኔ ቀብቶ በጨርቅ ሲጠርጉት ነጩ በጎድጓዳው ውስጥ ይቀርና ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የፊቱ መግፊያ፣ ኦፕሬተሮች ብሌድ የሚሉት፣ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ካተርፒላር ኩባንያ እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ድረስ ትራክተሩን ይሠራል እንጂ ብሌዱን በአብዛኛው አይሠራም ነበር፤ ሌ ቱርኖ እና ላፕላንት ቾት የሚባሉ የአሜሪካ ፋብሪካዎች እየሠሩ ይገጥሙለት ነበር። ብሌዱን በሽቦ ገመድ ወደ ላይ የሚስበውም መሣሪያ እንዲሁ የሌላ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የእንደዚህ ያለውን ብሌድ ክፍል በካተርፒላር መጽሐፍ ውስጥ ቢፈልጉት አይገኝም፤ መኪናው ቢጫ ቀለም ስለተቀባ ሁሉም የአንድ ፋብሪካ ይመስላል እንጂ።

ተከታታይ ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ የሚከፈተው የመለዋወጫ መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ እያንዳንዱን ክፍል በሥዕል በትኖ ያሳያል፤ በአጠገቡም የዕቃውን ቁጥር ይጽፋል። አሮጌው የካተርፒላር ዕቃ ቁጥር አንድ አኃዝ፣ አንድ የላቲን ፊደልና አራት አኃዝ ነው፤ አዲሱ ሦስት አኃዝ፣ ሰረዝ፣ ከዚያም አራት አኃዝ ነው። አሮጌው ቁጥር ዛሬ ሲጠየቅ «የለም» ቢባል ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ፋብሪካው ዕቃውን አሻሽሎ ሌላ ቁጥር ሰጥቶት ሊሆን ይችላል፤ ያም እንደገና ተለውጦ ይሆናል። አከፋፋዩ ይህን የቁጥር ዘር ሐረግ እስከ መጨረሻው ሊከተለው ይችላል። በመጽሐፉ ውስጥ «ከዚህ ተከታታይ ቁጥር በፊት» ወይም «ከዚህ ጀምሮ» የሚል ማስታወሻ ሲገኝም በቸልታ መታለፍ የለበትም፤ በ3ቲዎች መካከል እንኳ መጀመሪያ የተሠራውና መጨረሻ የተሠራው የሚለያዩበት ክፍል አለ።

አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። ቀልጦ በፈሰሰ ትልቅ ብረት ላይ ጎልቶ የወጣ ቁጥር አለ። ብዙ ሰው የዕቃው ቁጥር ይህ ነው ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ይህ ግን የማፍሰሻ ቅርጹ ቁጥር ነው። ከአንድ ቅርጽ የወጡ ሁለት ብረቶች በኋላ በተለያየ ልክ ተቦርቡረውና ተሞርደው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይሆናሉ፤ እንደ መንታ ልጆች መልካቸው አንድ፣ ሥራቸው ሌላ ነው።

ወደ ኩሽኔታችን ልመለስ። አጎቴ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ መርካቶ ወረደ፤ እኔም ትምህርት የተዘጋበት ሳምንት ስለነበር አብሬው ሄድሁ። አንድ ነጋዴ ገና ሳንጨርስ «ጋሼ፣ የዲ7 ነው፤ ዓይንዎን ጨፍነው ይውሰዱ» ብሎ በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ ኩሽኔታ አወጣ። አጎቴ ዓይኑን አልጨፈነም፤ ከኪሱ ካሊበር አውጥቶ ለካው። የውስጡ ቀዳዳ ትክክል ነበር፤ የውጩ ስፋት ግን ከተበላው ኩሽኔታ በጥቂት ሚሊ ሜትር ያንስ ነበር። ነጋዴው ውሸት አልተናገረም ይሆናል፤ የዲ7 ነው፤ ምናልባት የሌላው ዲ7 ነው። ዋጋው ከአንድ በሬ ዋጋ የማይተናነስ ስለነበር፣ ያቺ ካሊበር በዚያን ቀን በሬ አዳነች።

ስለ ኩሽኔታ ማወቅ የሚገባው ታላቅ ነገር ይህ ነው፤ የትራክተር ፋብሪካዎች ኩሽኔታን ብዙውን ጊዜ ራሳቸው አይሠሩም። ከኩሽኔታ ፋብሪካ ገዝተው የራሳቸውን የዕቃ ቁጥር ይሰጡታል። ኩሽኔታው ታጥቦ ጠርዙ ቢታይ ግን የሠሪው ስምና ቁጥር ተቀርጾበት ይገኛል፤ በዚያ ቁጥር የቡልዶዘር ስም ሳይነሣ ከማንኛውም ኩሽኔታ ሻጭ ሊገዛ ይችላል። ቁጥሩም የዘፈቀደ አይደለም። ለምሳሌ 6308 የሚለውን እንውሰድ። 6 ባለ ክብ ጥይት ዓይነት መሆኑን ያሳያል፤ 3 የውፍረቱን ደረጃ ይናገራል፤ የመጨረሻው 08 በ5 ሲባዛ 40 ይሆናል፤ ይህም የውስጡ ቀዳዳ በሚሊ ሜትር ነው። የውጩ ስፋት 90፣ ውፍረቱ 23 ሚሊ ሜትር ነው። 6208 ደግሞ ቀዳዳው ያው 40 ሲሆን የውጩ ስፋት 80፣ ውፍረቱ 18 ነው። በሒሳብ ክፍል ብንማረው ኖሮ ማናችንም አንረሳውም ነበር። ሾጣጣ ሮለር ያለው ኩሽኔታ ግን ሁለት አካል ስላለው የውስጡም የውጩም ለየብቻ ቁጥር አላቸውና ሁለቱም መጻፍ አለባቸው። ከቁጥሩ በኋላ የምትከተለውም ፊደል ትርጉም አላት፤ ሲ3 የሚል ከተጻፈበት በውስጡ ያለው ክፍተት ከተለመደው ሰፋ ያለ ነው ማለት ነው። ይህ ሳይታይ ጠባቡ ቢገባ ይገጥማል፤ ሲሞቅ ግን ይጨናነቃል።

የእኛም ኩሽኔታ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። አራተኛው ሱቅ የቡልዶዘር ዕቃ የሚሸጥ እንኳ አልነበረም፤ ለወፍጮና ለፋብሪካ ኩሽኔታ የሚሸጥ ነበር። ሽማግሌው ባለሱቅ ቁጥሩን በመነጽራቸው አንብበው ከላይኛው መደርደሪያ አወረዱት። ኦይል ሲሉም በሦስት ልክ ተገዛ፤ በዘንጉ ውፍረት፣ በውጩ ስፋትና በራሱ ውፍረት። በሲሉ ላይ ግን ልክ ብቻ አይበቃም፤ ጎማው የጋለ ዘይት የሚችል ዓይነት መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ቡሎን ጥቂት ልጨምር፤ ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ መኪና የሚያበላሸው እርሱ ነው። ግማሽ ኢንች ቡሎን ውፍረቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሜትሩ ኤም12 ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይለዩም። የአሜሪካው ግማሽ ኢንች ተራ ጥርስ በአንድ ኢንች ርዝመት 13 ጥርስ አለው፤ የጥንቱ የእንግሊዝ ዊትዎርዝ 12 ጥርስ አለው፤ ኤም12 ደግሞ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.75 ሚሊ ሜትር ነው። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ ጥርሳቸውን አንድ ለማድረግ የተስማሙት በ1948 ነው፤ ከጦርነቱ ዘመን የተረፈ መኪና ከዚያ በፊት የተሠራ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። የማይስማማ ዳዶ ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይገባል፤ ከዚያ በመፍቻ ሲያስገድዱት ጥርሱን ይበላዋል። የቡሎኑ ራስም ይነበባል፤ በአሜሪካው ላይ ሦስት ጭረት ካለ መካከለኛ ጥንካሬ፣ ስድስት ጭረት ካለ ከዚያ የበለጠ ጥንካሬ ነው፤ ምንም ጭረት የሌለውን ለሰንሰለት ጫማ ማሰሪያ ማዋል ገንዘብን መሬት ላይ መበተን ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መምሰልና ስለ መግጠም ነው። ከመግጠም በኋላ ማገልገል የሚባል ሦስተኛ ነገር አለ። የሰንሰለቱን ዓይኖች የሚያያይዙት ፒኖች ሲያልቁ አንድ ቶርኖ ቤት ለአጎቴ አራት ፒን በጥሩ ልክ ሠርቶለት ነበር። እንደ ጌጥ ያበሩ ነበር፤ ሲገቡም ያለ ችግር ገቡ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን እንደ ሳሙና ቀጠኑ። ምክንያቱ ብረቱ ነው። የፋብሪካው ፒን ከላይ በሙቀትና በድንገተኛ ማቀዝቀዝ እንዲጠነክር ይደረጋል፤ ውስጡ ግን ንክሻ እንዲችል ለስለስ ብሎ ይቀራል። ሁሉም ቢጠነክር እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ሁሉም ቢለሰልስ ይበላል። ቶርኖ ቅርጽ ይሰጣል፤ ይህን ባሕርይ ግን አይሰጥም። እኔ እንደ ተረዳሁት የነሐስ ቡሽ፣ የብሌድ ማያያዣ ቀላል ብረት፣ የውሃ ቱቦና ከወረቀት የሚቆረጥ ተራ ጋስኬት በአገር ውስጥ ቢሠሩ ይሆናል፤ ጥርሳም መዘውር፣ የሰንሰለት ፒንና የሲሊንደር ራስ ጋስኬት ግን ተፈልጎ ቢገዛ ይሻላል።

የሰንሰለቱ ነገር ከተነሣ፣ በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ከቡልዶዘር የጥገና ወጪ ግማሽ ያህሉን የሚበላው ይህ የታችኛው ክፍል ነው ይላሉ። ሰንሰለት ሲገዛ ዋናው ልክ ከአንዱ ፒን መካከል እስከ ቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት ነው። ያረጀ ሰንሰለት ግን ስለሚሳብ አንዱን ብቻ ለክቶ ማመን አይቻልም፤ አራት ዓይን በአንድነት ለክቶ ለአራት ማካፈል፣ ውጤቱንም በመጽሐፉ ካለው የአዲስ ልክ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። አዲስ ሰንሰለት ባረጀ ባለጥርስ መዘውር ላይ መግጠም ግን አዲስ ጫማ በእሾህ መንገድ ላይ እንደ መሞከር ነው። የመዘውሩ ጥርስ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ጎዶሎ መሆኑን ቆጥሬ አግኝቼ ገርሞኝ ነበር፤ ምክንያቱም በአንድ ዙር የሠራው ጥርስ በሚቀጥለው ዙር እንዲያርፍ ነው። ፒኑን የሚያቅፈው ቡሽም በአንድ ወገን ብቻ ስለሚያልቅ፣ በጊዜው ከተገኘ ግማሽ ዙር አዙሮ በሌላው ወገኑ እንደገና ማሠራት ይቻላል። ከኢጣልያ ኮፓሮ ከተማ እንደሚገኘው ቤርኮ ያሉ ፋብሪካዎች ለካተርፒላር የሚገጥም የሰንሰለት ዕቃ በራሳቸው ቁጥር ይሠራሉ፤ የካተርፒላሩን ቁጥር ከእነርሱ ቁጥር ጋር የሚያስተያይ ሠንጠረዥም አላቸው።

ስለ ሞተሩ አንድ መልካም ዜና አለ። የ3ቲ ዲ7 ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን፣ የሲሊንደሩ ስፋት 5.75 ኢንች፣ የፒስቶኑ ጉዞ 8 ኢንች ነው። በዚያው ዘመን የነበረው ትልቁ ዲ8 ባለ ስድስት ሲሊንደር ሲሆን ስፋቱና ጉዞው ያው ነው። ይህ ልክ እስከ 1974 በተሠራው ዲ8ኤች ሞተር ላይ እንኳ ሳይለወጥ ቆይቷል። ስለዚህ የወደቀ ዲ8 ያለበትን ግቢ የሚያውቅ ሰው ለዲ7 የሚሆን ነገር ከዚያ ሊያገኝ ይችላል፤ የዕቃው ቁጥር ከተስማማ ማለቴ ነው፤ የሲሊንደር ስፋት አንድ ቢሆንም የፒስቶኑ ራስ ቅርጽ በየዘመኑ ሊለያይ ይችላልና። የሚያሽከረክረው ረጅሙ ዘንግ ግን የአራቱ ለስድስቱ እንደማይሆን ግልጽ ነው።

ወላጆችና ታላላቆች በተለይ እንዲያነቡልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የአሮጌ መኪና ፍሬንና ፍሪሲዮን ሸራ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ያለበት ነው። አቧራው ወደ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር እንደሚያስከትል ዛሬ በሚገባ ታውቋል። በብዙ ጋራዥ ግን ልጆች ይህን አቧራ በአየር ግፊት ሲያራግቡት ይታያል። በውሃ አርጥቦ በጨርቅ ማንሣት፣ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥሮ መጣል ይገባል፤ አዲስ ሸራ ሲገዛም አስቤስቶስ የሌለበትን መጠየቅ ይቻላል።

ዛሬ ዛሬ ዕቃ ፈላጊዎች የተሰበረውን ብረት በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተው ለነጋዴ ይልካሉ። መልካም ነው፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ ልክ የለውም፤ የእጅ ሰዓት ኩሽኔታና የቡልዶዘር ኩሽኔታ በፎቶግራፍ አንድ ናቸው። ከብረቱ አጠገብ ማስመሪያ ማስቀመጥ፣ ቁጥሩን በቅርብ ለብቻው ማንሣት፣ ተከታታይ ቁጥሩንም አብሮ መላክ ነጋዴውንም ከመሳሳት ያድናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲተመን እጅግ ስለተወደደ፣ ያልገጠመን ዕቃ መልሶ ሌላ ማዘዝ የሚችል ብዙ ሰው የለም።

የእኛ ዲ7 በሚያዝያ መጀመሪያ ተገጥሞ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ ከሦስቱ ኩሬዎችም ሁለቱ ከዝናቡ በፊት አልቀዋል። ሦስተኛው ለዘንድሮ በጋ ተላልፏል። የተበላው ኩሽኔታ አልተጣለም፤ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ቁጥሩና የተገዛበት ሱቅ በካርቶን ተጽፎበት በአጎቴ ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ የግራው በኩልም ዕድሜው ያው ነውና።